ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ፍጆታን የሚጨምረው በስንት ነው?

ሙሉ ሰልባትዮ፦

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናው ባለ 4 ሲሊንደር፣ በኢንጀክተር የሚሠራ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ነው። ኢታኖል በሌለው ቤንዚን በሊትር 14.3 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን (ኢ10) ሲሞላ ግን በሊትር 12.3 ወጣ፤ የተለካው በሁለት ሙሌት ነው። ቼክ ኢንጅን አልበራም፣ ጉልበቱም የቀነሰ አይመስልም።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ይህን ሁሉ ያመጣው ኢታኖሉ ሊሆን ይችላል? ሁለተኛ፣ የኢታኖል ኦክቴን ከፍተኛ ነው ይባላል፤ ታዲያ ጉድለቱን ለምን አያካክስም? ሦስተኛ፣ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ውስጥ የሚጨመሩት «ለኢታኖል ቤንዚን» የተባሉ ፈሳሾች ፍጆታውን ይመልሳሉ ወይ?

ላምዳ፦

ሰላም ወንድሜ። ቁጥር ይዘህ ስለመጣህ ሥራው ቀሏል።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 32 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል። አንድ ሊትር ኢታኖል የሚሰጠው 21 ገደማ ነው፤ የቤንዚኑን ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። ስለዚህ ከ10 ሊትር ኢ10 ውስጥ 9ኙ ሙሉውን ይሰጣል፣ አንዱ ሊትር ሲሶ ያህሉን ያጎድላል። ተደምሮ የንጹሑ ቤንዚን 96.6 በመቶ ይሆናል። ጉድለቱ 3.4 በመቶ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። «10 በመቶ ኢታኖል ከገባ 10 በመቶ ይጎድላል» የሚሉ ሰዎች ኢታኖሉን እንደ ውኃ ቆጥረውት ነው፤ ኢታኖል ግን ራሱ ነዳጅ ነው።

አንተ መኪና ላይ እናስላው። 14.3 በ0.966 ሲባዛ 13.8 ይመጣል። በ40 ሊትር ቢታሰብ 572 ኪሎ ሜትር የነበረው 553 ይሆናል። አንተ የለካኸው ግን 492 ነው። ኢታኖሉ ለ19 ኪሎ ሜትሩ ይጠየቅ፤ የቀረው 60 ኪሎ ሜትር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሱ «አይደለም» ነው።

በዚያው ስሌት ኢ5 ሲሆን 1.7 በመቶ፣ ኢ15 ሲሆን 5 በመቶ፣ ኢ20 ሲሆን 7 በመቶ ገደማ ይጎድላል። ኢ85 ሌላ ነገር ነው። ስሙ 85 ቢልም አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም የሚሸጠው ነዳጅ እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ከ51 እስከ 83 በመቶ ኢታኖል ይይዛል፤ ጉድለቱም ከ15 እስከ 27 በመቶ ይዘልቃል። ለኢ85 ያልተሠራ መኪና ላይ ማስገባት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚፈልግ ኮምፒውተሩ የማረም አቅሙን ይጨርሳል፣ ሞተሩም ነዳጅ እያነሰው ይሠራል።

ጉልበቱ ለምን አልቀነሰም? ሲሊንደር ውስጥ የሚገባውን የሚወስነው አየሩ ስለሆነ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ኢታኖል ከክብደቱ 35 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ስለሆነ 9 ኪሎ አየር ይበቃዋል። ኢ10 ላይ 14.1 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ይህን በኦክስጅን ሴንሰሩ ያይና ኢንጀክተሩን በትንሹ አርዝሞ ይከፍታል። አየርና ነዳጅ ተቀላቅለው በኪሎ ሲታዩ ቤንዚንም ኢታኖልም ወደ 2.7 ሜጋጁል ይጠጋሉ፤ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ኢምንት ነው። ስለዚህ እግርህ ለውጥ አይሰማውም፣ ሰልባትዮው ግን ቶሎ ይጎድላል።

ኦክቴኑን በተመለከተ፦ ኦክቴን ነዳጁ በውስጡ የያዘው የጉልበት መጠን አይደለም። ሳይንኳኳ (ያለጊዜው ሳይፈነዳ) ምን ያህል መጨመቅን እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው። የንጹሕ ኢታኖል ሪሰርች ኦክቴን 109 ገደማ ነው፣ ይህ እውነት ነው። ጥቅም የሚሰጠው ግን ሞተሩ በማንኳኳት ምክንያት የእሳቱን ጊዜ ወደኋላ ሲጎትት የነበረ እንደሆነ ነው፦ ከፍተኛ ኮምፕሬሽን ያለው ወይም ቱርቦ ያለው፣ ዳገትና ጭነት የበዛበት። እንዲህ ያለ ሞተር ከ3.4 በመቶው የተወሰነውን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። ያንተ ዓይነቱ ሞተር በመደበኛ ቤንዚን ሳያንኳኳ ከሠራ የሚመለስለት ነገር የለም። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ኢታኖሉ የሚቀላቀለው ኦክቴኑ ዝቅ ካለ መነሻ ቤንዚን ጋር ነው፤ ድብልቁ ተመርቶ ሲያልቅ ኦክቴኑ ከተለመደው ጋር እኩል ይሆናል።

ስለ ፈሳሾቹ አጭር መልስ፦ አይመልሱም። ዝገት የሚከላከሉ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚረዱ አሉ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በሊትር የጎደለን ሙቀት ግን በጥቂት ሚሊ ሊትር የሚተካ ፈሳሽ ሊኖር አይችልም።

ጓርኒሲዮን፦

የላምዳ ስሌት ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ምናልባትም ትንሽ ልቃወም። 3.4 በመቶ የሚለው ቁጥር «ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ» የሚል ነው። ቤንዚን ራሱ ከምርት ምርት፣ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ለቅዝቃዜ ወራት የሚዘጋጀው ቶሎ የሚተን ቀላል ክፍል ስለሚበዛበት በሊትር ከ1 እስከ 2 በመቶ ያነሰ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሰው ኢ10 ሲሞላ 2 በመቶ፣ ሌላው 5 በመቶ ቀነሰብኝ ቢል ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። 14 በመቶን ግን ይህም አያስረዳም።

ዋናው ችግር አለካኩ ላይ ነው። ሁለት ሙሌት 3 በመቶን ለይቶ ለማሳየት አይበቃም። የፓምፑ ሽጉጥ «ጠቅ» ብሎ የሚቆመው እንደ መኪናው ዘንበል ማለት፣ እንደ ፓምፑ ፍጥነትና እንደ አረፋው ነው። በ40 ሊትር ላይ 1 ሊትር ብቻ ቢሳሳት 2.5 በመቶ ነው፤ ኢታኖሉ ከሚያመጣው ለውጥ ጋር ሊስተካከል ምን ቀረው?

በደንብ መለካት ከፈለግህ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን አማካይ ተወው፤ እሱ ራሱ ጥቂት በመቶ ይዋሻል። በአንድ ፓምፕ፣ መኪናው በአንድ አቅጣጫ ቆሞ፣ ሽጉጡ በዝግታው ተይዞ፣ መጀመሪያ ጠቅ ሲል አቁም። ከዚያ በላይ አንዲትም ጠብታ አትጨምር። ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን ጻፍ። ቢያንስ 4 ሙሌት ከሄድክ በኋላ ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩን ለጠቅላላ ሊትሩ አካፍል፤ የየሙሌቱን ውጤት አማካይ አትውሰድ፣ ድምር ለድምር ነው የሚካፈለው። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሙሌት ስህተት ብቻ ይቀራል፣ እሱም በ160 ሊትር ላይ ይሰራጫል። ኢታኖል ወዳለው ስትቀይር የመጀመሪያውን ሙሌት ከሂሳቡ አውጣው፤ ታች የቀረው አሮጌ ቤንዚን ድብልቁን ያዛባዋል። መንገዱና ጭነቱ ተመሳሳይ ይሁን። ወቅቱ በመካከል ከተቀየረ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ሚኒሞ፦

ልኬቱ እስኪያልቅ ኮምፒውተሩን እንጠይቀው። ርካሽ ስካነርም ቢሆን ፊዩል ትሪምን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ፣ ያሳያል። ሎንግ ተርም (የረጅም ጊዜ) የሚለውን ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ)፣ ከዚያ በ2500 ዙር፣ ከዚያ መንገድ ላይ እኩል ፍጥነት ይዘህ አንብብ። ከንጹሕ ቤንዚን ወደ ኢ10 ሲቀየር ከነበረበት ወደ +4 ገደማ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው።

ከዚያ በላይ ከሆነ ቅርጹን ተመልከት። በሚኒሞ +12 ሆኖ በ2500 ወደ +4 ከወረደ ከአየር መለኪያው ኋላ በሆነ ቦታ አየር ይገባል፤ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም የተሰነጠቀ የቫኩም ጎማ ነው። በሚኒሞ ደህና ሆኖ በጭነት ከጨመረ የቤንዚን ፊልትሮ፣ የደከመ ፓምፕ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር። ወደ +20 እና +25 ሲደርስ ነው ፒ0171 የሚለው «ነዳጅ አነሰ» የሚል የስህተት ኮድ የሚመጣው፤ ስለዚህ መብራቱ አለመብራቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም።

አንድ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ ትሪም ከፍ ማለት ሁልጊዜ ፍጆታ ጨመረ ማለት አይደለም። አየር መለኪያው ቆሽሾ አሳንሶ ሲያነብ ትሪሙ ያንን ያርማል፣ የሚረጨው ነዳጅ በመጨረሻ ያው ትክክለኛው መጠን ነው። እውነተኛ ብክነት የሚመጣው ኦክስጅን ሴንሰሩ ሲታለል ነው። ከሴንሰሩ በፊት የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ከተሰነጠቀ በጭሱ ምት መካከል የውጭ አየር ይስባል፣ ሴንሰሩ «ነዳጅ አነሰ» ይላል፣ ኮምፒውተሩም የማያስፈልግ ነዳጅ ይጨምራል። እዚያ ላይ ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ጥቁር ጥላሸት ይይዛል።

ከትሪሙ ጋር የሞተሩን ውኃ ሙቀት አንብብ፣ መንገድ ላይ 20 ደቂቃ ከሄድክ በኋላ። የጎማ ንፋስ በቀዝቃዛው ለካ። መኪናውን ነድተህ ፍሬን ብዙ ሳትይዝ ቁምና የአራቱንም ቸርኬ ሙቀት እጅህን አስጠግተህ አወዳድር፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ቁጥሮቹን አምጣ።

ሙሉ ሰልባትዮ፦

አመሰግናለሁ። ትሪሙ በሚኒሞ +3፣ በ2500 ዙር +4፣ መንገድ ላይም +4 ነው። ቸርኬዎቹ እኩል ናቸው። የጎማ ንፋስ 1.8 ባር ተገኘ፤ በር ላይ የተለጠፈው 2.3 ይላል። የውኃው ሙቀት በረጅም መንገድ 70 ዲግሪ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ መኪናው ሲቆም ወደ 80 ይወጣል። የዳሽቦርዱ መርፌ ከመካከል ትንሽ ዝቅ ይላል።

ሚኒሞ፦

ተገኘ። ትሪሙ ልክ ኢታኖሉ የሚጠይቀውን ነው የሚያሳየው፤ የነዳጅ ሥርዓቱ ጤነኛ ነው። የቀረው የጎማ ንፋሱና ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው) ነው።

ሲሄድ 70፣ ሲቆም 80 ማለት ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ወይም አንዱ መካኒክ «እንዳይግል» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል፤ ይህ ልማድ ቢቀር ምንኛ ጥሩ ነበር። ነፋሱ ራዲያተሩን ሲመታው ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ተጨማሪ ነዳጅ ይሰጣል፣ ዘይቱም ወፍራም ሆኖ ይጎትታል፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ደግሞ ማርሽ መቀየሩን ያዘገያል። አጭር አጭር መንገድ ላይ ይብሳል። የውኃ ሙቀት ኮድ ፒ0128 ሊመጣ ይገባው ነበር፤ ግን ሁሉም ኮምፒውተር ቶሎ አይመዘግበውም።

ማረጋገጫው፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሳና የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ያዝ። ደህና ከሆነ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ይቆይና በድንገት ይግላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ ከሞቀ ክፍት ነው። አውጥተህ ከሆነ በሽቦ አንጠልጥለው ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ቀቅለው፤ ከታች አይንካ። አካሉ ላይ በተቀረጸው ዲግሪ፣ ብዙ ጊዜ 82 ወይም 88፣ መከፈት መጀመር አለበት። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በትንሹም ቢሆን ተከፍቶ ካየኸው ጣለው።

ስትቀይር ተመሳሳይ ዲግሪ ያለውን ግዛ፤ «ቀዝቀዝ የሚያደርግ» የሚባለውን 71 ዲግሪ አትቀበል፣ ወደዚያው ችግር ይመልስሃል። ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ውኃውን ሞልተህ የካቢኔውን ማሞቂያ ሙሉ ከፍተህ አየሩ እስኪወጣ አስነሳው። ሞተሩ ግሎ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን በፍጹም አትክፈት።

ጎማውን ዛሬውኑ 2.3 አድርገው። ሁለቱን ካስተካከልክ በኋላ ጓርኒሲዮን ባለው መንገድ እንደገና ለካ። 13.8 አካባቢ ከመጣ ሥራው አልቋል፤ ከኢ10 ከዚያ በላይ አትጠብቅ።

አሮጌ ካርቡሬተር፦

ይህን ገጽ የካርቡሬተር መኪና ያላቸውም ስለሚያነቡት የእነሱን ልናገር፤ ነገሩ እዚያ ሌላ ነው። ካርቡሬተር ሴንሰር የለውም፣ አያርምም። ጄቱ (ነዳጁ የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ ያለው ክፍል) የሚያሳልፈው ያንኑ መጠን ነው፤ ስለዚህ ኢ10 ሲገባ ድብልቁ ወደ 4 በመቶ ይሳሳል። ቀድሞ ነዳጅ አብዝቶ የተስተካከለ ካርቡሬተር ከሆነ መሳሳቱ ይጠቅመዋል፣ ፍጆታውም ላይለወጥ ይችላል። «ኢ10 ምንም አልቀነሰብኝም» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። በልኩ ወይም አሳስቶ የተስተካከለ ከሆነ ግን ሲረገጥ ያመነታል፣ በቀዝቃዛው በካርቡሬተሩ በኩል ያስነጥሳል፣ የካንዴላው ሸክላ ይነጣል። ሾፌሩ ሳያውቀው ጠልቆ ይረግጣል፣ ፍጆታውም በዚያ ይጨምራል።

መጀመሪያ የሚኒሞውን የድብልቅ ቡሎን በሩብ ዙር ክፈትና ሞተሩ ካለሰለሰ ተወው። መንገድ ላይ አሁንም የሚያመነታ ከሆነ ዋናው ጄት በአንድ ደረጃ ይጨመር። ቁጥራቸው የቀዳዳው ዲያሜትር በመቶኛ ሚሊ ሜትር በሆነባቸው ጄቶች ላይ 120 የሚለው 1.20 ሚሊ ሜትር ነው። የሚፈለገው 4 በመቶ የቀዳዳው ስፋት ጭማሪ በዲያሜትር 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ 122 ይበቃል፣ 125 ከፍተኛው ነው። ጄት በድሪል አታስፋ፤ ውስጡ ይጫራል፣ ፍሰቱም አይገመትም።

ሌላው የቤንዚን ማስተላለፊያው ጎማ ነው። የቆዩ መኪኖች የቤንዚን ጎማ፣ የፓምፕ ዲያፍራምና የቡሽ ጓርኒሲዮን ኢታኖል ሲነካቸው ያብጣሉ ወይም ይደርቃሉ። ጎማውን አጥፈው፤ ከተሰነጣጠቀ ወይም ጣትህ ላይ ጥቁር ከተወ ቀይረው፤ ጎኑ ላይ ኤስኤኢ ጄ30 አር9 የሚል ጽሑፍ ያለውን ውሰድ። በጋለ ሞተር አጠገብ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ጎማ የፍጆታ ጉዳይ አይደለም፣ የእሳት ጉዳይ ነው። ኢታኖል ሰልባትዮ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭም ስለሚያነሳ ከ2 ወይም ከ3 ሙሌት በኋላ ፊልትሮው ይቀየር። ኢ10 ቶሎ ስለሚተን ሲሞቅ ቆሞ የማይነሳ ከሆነ የቤንዚኑ ቱቦ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ማለፉን እይ፤ አርቀው ወይም ሙቀት መከላከያ አልብሰው።

ሙሉ ሰልባትዮ፦

ሁሉም ግልጽ ሆኗል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ፦ ፓምፑ ላይ 10 በመቶ ተብሎ የተጻፈው በእርግጥ 10 መሆኑን በቤት ማወቅ ይቻላል? ውኃስ ካለው?

ላምዳ፦

ይቻላል፣ በግምት። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ መስመር ያለው ክዳናም የመለኪያ ሲሊንደር ያስፈልጋል። ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀህ፣ ጓንት አድርገህ ሥራ። 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምር፣ እስከ 100 በቤንዚን ሙላው፤ ቤንዚኑ 90 ሆነ ማለት ነው። ዘግተህ ለአንድ ደቂቃ አናውጠው፣ መካከል ላይ ክዳኑን በጥንቃቄ እየከፈትክ ግፊቱን አስወጣ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሁለቱ ይለያያሉ። ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ወደ ውኃው ስለሚሄድ የታችኛው ክፍል ያድጋል። ድንበሩ 10 ላይ ከቀረ ኢታኖል የለም። 19 አካባቢ ከደረሰ 9 ሚሊ ሊትር ከ90፣ ማለትም 10 በመቶ ነው። ትንሽ ኢታኖል ላይኛው ክፍል ውስጥ ስለሚቀር ንባቡ ከእውነተኛው ጥቂት ያንሳል። የተጠቀምክበትን ቤንዚን ወደ ሰልባትዮ አትመልሰው።

ውኃን በተመለከተ፣ ኢ10 በ15 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ በመቶ ያህል ውኃ አሟሙቶ ይይዛል፤ በ40 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ገደማ። ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይወርዳል። ካለፈ ኢታኖሉና ውኃው ተያይዘው ከታች ይቀመጣሉ፣ ፓምፑ የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። ሞተሩ ይንተፋተፋል ወይም ይጠፋል። በላይ የቀረው ቤንዚንም ኢታኖሉን ስላጣ ኦክቴኑ ይወርዳል። ለማየት በንጹሕ ብርጭቆ ጥቂት ቤንዚን ቅዳና ለግማሽ ሰዓት አስቀምጠው፤ ደመናማ ከሆነ ወይም ታች መስመር ከሠራ ተለይቷል። ላዩ ላይ አዲስ ቤንዚን ጨምሮ ለማስታረቅ መሞከር አይሠራም። ሰልባትዮው ይራገፍ፣ ፊልትሮው ይቀየር፣ የሰልባትዮው ክዳን ጎማ ይታይ፤ መኪናው ከታጠበ ወይም ዝናብ ከመታው በኋላ ውኃ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው።